በበሩ ሥር የተቀበረው ጨርቅ

«ከጓሮ ያለችው የክርስትና ስሟ ማን ነው?»

ቄሱ ይህን ሲጠይቁ አንዲት ሴት በአዲሱ ቤቷ መካከል ቆማ ነበር። ከጓሮ ካለችው ሴት ጋር ከአንድ ቧንቧ ውሃ ይቀዳሉ። በአንድ በር ገብተው በአንድ በር ይወጣሉ። የክርስትና ስሟን ግን ጠይቃት አታውቅም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ይህች ሴት ከተዳረች ጀምሮ በኪራይ ቤት የኖረች ናት። በኪራይ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ። ልጅ ሲያለቅስ አፉን በእጅ መያዝ፣ ምስማር ለመምታት ማስፈቀድ፣ እንግዳ ሲመጣ የአከራይዋን ፊት ማየት። በኋላ እግዚአብሔር ረዳቸውና እሷና ባሏ ቤት ገዙ። የጭቃ ቤት ነው፤ ግን የራሳቸው ነው።

ከጓሮው አንዲት ክፍል አለች። በእሷ ውስጥ ይርገዱ የምትባል፣ ወፍጮ ቤት የምትሠራ ሴት ጨቅላ ልጇን ይዛ ተከራይታ ትኖራለች። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ሲሸጡ፣ «ምስኪን ናት፤ አታስወጧት» ብለው ለምነው ነበር። ባልና ሚስቱም እሺ አሉ።

ወደ ቤቱ በገቡ በጥቂት ቀን ትንሿ ልጃቸው ታመመች። ሰውነቷ እንደ እሳት ጋለ። ምግብ ሲሰጧት አልውጥ አለች። እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ አልበላም ስትል ሐሳባችሁ የት የት ይሄዳል? የእሷም ሄደ። «በኪራይ ቤት ጤነኛ የነበረች ልጅ በራሳችን ቤት ምን ነካብኝ?» አለች።

በዚያው ሰሞን ባሏ የግቢውን በር ደፍ ሲሚንቶ ሊያደርገው ሲቆፍር፣ ዶማው አንድ ነገር ይዞ ወጣ። የነጠላ ቁራጭ ነው። ተቋጥሯል። ቋጠሮው ሲፈታ፣ በክር የታሰረ ደረቅ ነገር አለበት።

ጎረቤቷ እትዬ ዘርፌ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ያዩ ነበር።

«አትንኪው!» ብለው ጮኹ። «አንቺ የዋህ፣ ምን መስሎሽ ነው? ከረሜላ?»

«ታዲያ ምንድን ነው እትዬ ዘርፌ?»

«መተት ነዋ! ሰዎቹ እንዲህ ያለ ቤት ሸጠው የሄዱት ለምን ይመስልሻል? ሁሉም ወጣ። ማን ቀረ? እስቲ ንገሪኝ፣ ማን ቀረ?»

በአገጫቸውም ወደ ጓሮ አመለከቱ።

ባልየው፣ «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ሰው እንጠይቅ» አለ።

«ልጄ እየነደደች አንተ ሰው ትጠይቃለህ?» አለችና ላምባ አርከፍክፋ ጨርቁን አቃጠለችው። አመዱን ከውጭ ባለው ቦይ ደፋችው። ይርገዱ ከወፍጮ ቤት ሳትመለስም ጉድጓዱ በሲሚንቶ ተደፈነ።

ከዚያ ይርገዱን ጠራቻት።

«ክፍሏን ለራሳችን ፈልገናታል። እሑድ ቄስ መጥተው ቤቱን ይባርኩልናል። ከዚያ በፊት ብትወጪልን።»

«እሺ እትዬ። ያጠፋሁት ነገር አለ?»

«ኧረ የለም።»

አያችሁ? ስለ ጨርቁ አንድ ቃል አልወጣትም። የሚፈራ ሰው አይጠይቅም። ፍርዱን በልቡ ጨርሶ ይቀመጣል።

እሑድ መጣ። መምሬ ልሳነወርቅ የሚባሉ አረጋዊ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ገቡ። ውሃ ቀረበ። እትዬ ዘርፌም ነጭ ለብሰው ከፊት ቆሙ።

«ለማን እንደምጸልይ ልወቅ» አሉ ቄሱ። «በዚህ ግቢ የሚያድረውን ሁሉ የክርስትና ስም ንገሩኝ።»

ባልየው የራሱን፣ የሚስቱንና የልጁን ነገራቸው።

«ሌላስ? ከጓሮ የሕፃን ልብስ ተሰጥቶ አይቻለሁ።»

«እሷ ልትወጣ ናት፣ አባ» አለች ሴትዮዋ።

«ወጣች?»

«ቤት አጥታ ነው መሰለኝ፣ ገና አልወጣችም።»

«እንግዲያው ከጓሮ ያለችው የክርስትና ስሟ ማን ነው?»

እትዬ ዘርፌ ጣልቃ ገቡ። «እሷን ይተዉአት፣ አባ። ጠበሉ ሲያርፍባት ራሷ ትሮጣለች!»

«ካልሮጠችስ?» አሉ መምሬ ልሳነወርቅ። «ጥሯት።»

ይርገዱ ልጇን አዝላ መጣች። እግሯን ደጋግማ ጠርጋ በሩ አጠገብ ቆመች። «እኔ አመተ ማርያም ነኝ፤ ልጄ ኃይለ ኪሮስ» አለች።

«ምን ልጸልይልሽ፣ ልጄ?»

«ለእኔስ ግድ የለም፣ አባ። የዚህን ልጅ እትብት ከበሩ ሥር ቀብሬው ነበር። የድሮዋ ባለቤት ፈቅደውልኝ ነው። አባቱ ለሥራ እንደወጣ ቀረ። እኔም ከዚህ ወጥቼ የት እንደምወድቅ አላውቅም። አድጎ ‹የተወለድኩት የት ነው?› ቢለኝ የማሳየው ያንን ቦታ ብቻ ነው። እኛ ብንሄድም እዚያ ላይ ትንሽ ጠበል ይርጩልኝ።»

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ ሴትዮዋ ምን ታድርግ?

ሲሚንቶው ደርቋል። ከሥሩ ያለውን ማንም አያይም። ቄሱ ይረጩበታል፣ ይርገዱ አመስግና ትሄዳለች፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። እትዬ ዘርፌም ይህንኑ በጆሮዋ ሹክ አሏት፦ «ዝም በይ። ይረጩላትና ትሂድ።»

ባሏ መሬት መሬት ያያል። ልጇ ከመኝታ ክፍል ታቃስታለች።

«አባ» አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ፤ «እዚያ ምንም የለም። አቃጥዬዋለሁ። መተት መስሎኝ። ልጄን ያሳመመችብኝ እሷ መስላኝ።»

ይርገዱ አልጮኸችም። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ በደረቷ አቀፈችው። «ቢጠይቁኝ እኮ እነግርዎት ነበር፣ እትዬ» አለች።

ቄሱም ወደ ባልና ሚስቱ ዞረው፣ «ልጅቷን ጤና ጣቢያ ወስዳችኋታል?» ብለው ጠየቁ።

«መጀመሪያ ቤቱ ይባረክ ብለን…»

«በሉ አሁን ውሰዷት። ጸሎቱ አይሸሽም። እኔም እዚሁ እጠብቃችኋለሁ።»

ወሰዷት። ቶንሲል ነበር። መድኃኒት ተሰጣት። ይኸው ነው መተቱ!

ሲመለሱ ሴትዮዋ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄዳ በይርገዱ እግር ላይ ወደቀች። «ይቅር በይኝ። አትሂጂብኝ። ክፍሏ የአንቺው ናት» አለቻት። ይርገዱም አነሣቻትና፣ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎት፣ እኔም ብያለሁ» አለቻት። መምሬ ልሳነወርቅ ያን ጊዜ ጸሎታቸውን ጀመሩ። መርጨት የጀመሩትም ከጓሮዋ ክፍል ነው።

እንግዲህ ቤት የገዛችሁ፣ ልትገዙም የምትመኙ፣ እናንተን ልጠይቃችሁ። ቤታችሁ እንዲባረክ ስትጠሩ ምን ፈልጋችሁ ነው? ክፉ እንዲወጣ ነው? ማለፊያ። ግን ክፉው የት እንዳለ ማን ነገራችሁ? አንዳንዶቻችን ጠበል ይረጭ እንላለን፤ አንዳንዶቻችን ጸሎት ብቻ ይበቃል እንላለን። በዚህ ስንከራከር፣ በጓሯችን ያለችውን ሴት ስሟን ሳንጠይቅ እንከርማለን።

ወንጌልን ራሴ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ደጋግሜ የምመለስበት ቦታ አለ። ጌታ ወደ ቀራጩ ቤት በገባ ጊዜ፣ ሰውዬው ቆሞ የበደላቸውን ሰዎች አሰበ። የሚመልሰውን ተናገረ። ጌታም ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል አለ። ግድግዳው አልተጠቀሰም። ጣሪያው አልተጠቀሰም።

የእናት ፍርሃት ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። እኔም እናት ነኝ፤ ልጄ ሲያስለው እንኳ ደጅ ደጁን አያለሁ። ግን ፍርሃታችሁን በሰው ልጅ ላይ አትደፉት። ከማቃጠላችሁ በፊት ጠይቁ። ከማስወጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ቄስ ከመጥራታችሁ በፊት ወደ ጓሮ ሂዱና፣ «እህቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» በሉ። ይቅርታ ሁሉን ያነጻል፤ የተቃጠለውን ግን ከአመድ አይመልሰውም።

አሁን፣ «ታዲያ ይርገዱ ቀረች?» ትሉኛላችሁ። አልቀረችም። ቂም ይዛ ግን አይደለም። ሴትዮዋ ደጋግማ ለመነቻት፤ ባሏም ለመናት። እሷ ግን፣ «እኔ ይቅር ብያለሁ፤ ልጄን እዚህ ሳስተኛው ግን እንቅልፍ አይወስደኝም» አለች።

በዚያው ሳምንት ልጇን አዝላ፣ በሲሚንቶው ደፍ ላይ ተራምዳ ሄደች። እትዬ ዘርፌ አሁንም ከአጥሩ ማዶ አሉ።