የዕድሩ ዳኛ አዲስ ጆሮ

የዕድራችን ዳኛ አቶ አስፋቸው ጆሯቸው አልሰማ ካለ ቆይቷል፤ እኛም ጎንበስ ብለን እጅ እየነሳን የልባችንን ማጉተምተም ለምደን ነበር። በቀደም ልጃቸው የመስሚያ መሣሪያ ገዛላቸው። እንዲለምዱት ብሎ ከመሣሪያው ጋር የተገናኘው ስልካቸው ድምፁን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨምርላቸዋል። መጀመሪያ የገዛ ራሳቸውን ማኘክ ሰምተው «ጣሪያዬን ማን ነው የሚያፈርሰው!» ብለው ጮኹ። ሲቆይ እኛን ሰሙ።

«አንቺ!» አሏት፣ ከሁላችን ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳዋን በርበሬ ሻጭ። «ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስትዪኝ ነበር? ስድብ ከሆነ ዛሬውኑ ከዕድሩ ትወጫለሽ!»

«ኧረ ጸሎት ነው ጌታዬ! ‹አምላኬ፣ ለዳኛችን ጆሮና ልቦና ስጥልን› ስል ነበር። ይኸው ጆሮው መጣ። ስልክዎ ላይ ልቦና የሚጨምርም ካለ ይጫኑትና እኔም ልረፍ።»