አሸዋ ውስጥ የጮኸው ከርከሮ

ድሮ ድሮ፣ አውሬው ሁሉ ጌጥ በሚያደርግበት ዘመን፣ ስሟን እኔ በማላውቃት፣ እናንተም በማትጠይቁኝ አገር አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበር። የሐይቁ ዳኛ ጉማሬ ነው። ጉማሬ ደግሞ ከእንቅልፍ የሚበልጥበት ነገር የለም፤ ውኃው ውስጥ ቅጭልጭል ሲል ከሰማ ቱግ ይላል። ስለዚህ ሊታጠብ የመጣ ሁሉ ቀለበቱን፣ ጉትቻውን፣ አልቦውን አውልቆ አሸዋ ውስጥ ይቀብርና ጠጠር ምልክት አድርጎበት ነው ውኃ የሚገባው።

ጠጠር ግን ያው ጠጠር ነው። ግልገል ይረግጠዋል፣ ነፋስ ያንከባልለዋል። በበዓል ቀንማ ያ ሁሉ ቤተ ዘመድ ሲተራመስ ስንቱን ጌጥ አሸዋ በልቶት ይቀራል! ለዚህም ሕግ ነበረው። ያገኘ "የጠፋበት!" ብሎ ሦስት ጊዜ ይጩህ። ባለቤቱ መጥቶ ምልክቱን ከተናገረ ጌጡን ይውሰድ፣ ላገኘለትም አንድ ቅል ማር ይስጥ። ሦስት ጊዜ ተጮኾ "አለሁ" የሚል ከጠፋ ግን የተገኘው ላገኘው ይሁን።

በዚያ ሐይቅ ዳር አያ ከርከሮ የሚባል ሆዳም ይኖር ነበር። ለሥራ ሲጠሩት "ወገቤን"፣ ለድግስ ሲጠሩት "መጣሁ" የሚል ዓይነት ነው። አንድ ቀን ሥራሥር ሲቆፍር ክራንቻው ቅጭል! አለበት። ቢያወጣው የቀበሮ ቀለበት! ሦስት ጊዜ ጮኸ፣ ቀበሮ እየሮጠ መጣ፣ ማሩም ተከተለ።

ከርከሮ ቅሉን እስኪያበራ ድረስ ላሰና "ለካስ አፍንጫዬ ብረት ያሸታል!" አለ። የነካው ክራንቻው፣ የተመሰገነው አፍንጫው።

ከዚያ ወዲህ ሥራው በጉልበቱ ተንበርክኮ አሸዋ ማሰስ ሆነ። ሽት ሽት፣ ጫር ጫር፣ ቅጭል! "የጠፋበት! የጠፋበት! የጠፋበት!" የጦጣ ጉትቻ፤ አንድ ቅል ማር። ሽት ሽት፣ ጫር ጫር፣ ቅጭል! የድኩላ አምባር፤ አንድ ቅል ማር።

"አያ ከርከሮ፣ ጸሎት ጀመርክ እንዴ?" እያሉ ያላግጡበታል።

"አዎ፣ ሰሚው ደግሞ ፈጣን ነው" ይላል ከንፈሩን እየላሰ።

ሆድ ግን ልክ አያውቅም። አንድ ቀን ማሩን እየላሰ ማሰብ ጀመረ፤ ማሰብ ደግሞ አልለመደበትም። "የምቆፍር እኔ፣ አቧራ የምቅም እኔ፣ ብሩን የሚያጠልቁት እነሱ? ሕጉ 'ሦስት ጊዜ ይጩህ' አለ እንጂ 'ይሰማ' አላለ!" በብልሃቱ ራሱን በጣም አደነቀ።

ከዚያ በኋላ ጌጥ ባገኘ ቁጥር ግራ ቀኙን ገልመጥ ያደርግና አፉን እስከ ጆሮው አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ይጮኻል። "እምምምበት! እምምምበት! እምምምበት!" ማን ይመልስለት? ቀና ብሎ አሸዋውን ይተፋና "እንግዲህ ሕግ ነው" እያለ ጌጡን ወደ ጉድጓዱ ይዞ ይገባል። እዚያም ጉትቻውን አንጠልጥሎ፣ አምባሩን ደርድሮ፣ ለገዛ ጥላው "እንዴት አደሩ ጌታው!" ይለዋል።

ይህ በእንዲህ እንዳለ እመት ሳቢሳ፣ ያቺ ባለ ረጅም እግሯ ወፍ፣ ልጇን እሑድ ልትድር ሽር ጉድ ትል ነበር። ዓርብ ዕለት ሙሽሪት ልትታጠብ ሐይቅ ወረደች፣ የአያቷን የብር አልቦ አሸዋ ውስጥ ቀበረች፣ ስትመለስ አልቦው የለም። በሳቢሳ ወገን ዘንድ ደግሞ የሙሽራው ሽማግሌዎች የሙሽራን ፊት ሳያዩ እግሯን ነው የሚያዩት። አልቦ ከሌለ ሙሽራ የለም፤ ድግሱን እንኳ ሳይቀምሱ ይመለሳሉ።

እመት ሳቢሳ እያለቀሰች ከርከሮ ዘንድ መጣች። "አያ ከርከሮ፣ በሞቴ፣ በዚያ አፍንጫህ ፈልግልኝ! ልጄ ቆማ መቅረቷ ነው!"

ከርከሮ ልቡ ድንግጥ አለ። አልቦው እግሩ ላይ ነበራ፣ በጭቃ ተለስኖ! እውነቱን ለመናገር ለአፍታ አዘነላት። ግን ደግሞ አልቦው በጣም ያምርበት ነበር። ተንበርክኮ ሽት ሽት፣ ጫር ጫር አደረገና "ምንም አይሸትም እመት ሳቢሳ፤ ጉንፋን ይዞኛል መሰለኝ" አላት። ሊነሣ ሲል የደረቀው ጭቃ ከእግሩ ላይ ረገፈ። ቅጭል!

"ያ ምንድን ነው?" አለች እመት ሳቢሳ።

"በሕግ አምላክ! ሦስት ጊዜ ጮኼበታለሁ!"

"እንግዲያው ዳኛ ፊት!"

ከርከሮ ወደ ዳኛው ከመሄዱ በፊት ግን ጉማሬ ቅጭልጭል እንደማይወድ ትዝ አለው። ሮጦ አልቦውን ጉድጓዱ ውስጥ ወሸቀና ባዶ እግሩን ቀረበ።

አገሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ጉማሬ አንድ ዓይኑን ብቻ ገለጠ። "ጮኸሃል?"

"ሦስት ጊዜ፣ ጌታዬ።"

"ማን ሰማህ?"

"አሸዋው። ሕጉ 'ይጩህ' ይላል እንጂ 'ይሰማ' አይልም።"

ጉማሬ አሰበ፣ አዛጋ፣ ደግሞ አሰበ። "እውነትም አይልም" አለ። እመት ሳቢሳ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፣ ጉባኤው አጉረመረመ። ከርከሮ ግን ነገሩ ሲሰምርለት ጊዜ ንግግሩን አስረዘመ። ስለ አፍንጫው ተናገረ፣ ስለ አባቱ አፍንጫ ተናገረ፣ ስለ አያቱ አፍንጫም ጀመረ። እመት ኤሊ ከጉባኤው ሹልክ ብላ ስትሄድ ልብ አላላትም። ኤሊ መቼም አካሄዷን ታውቁታላችሁ፤ ሄዳ ስትመለስ እሱ ገና አያቱ ጋ ነበር።

"ጌታዬ ዳኛ" አለች ኤሊ፣ "እኔም አሸዋው ላይ አንድ ጉድጓድ አገኘሁ። ብር የሞላበት፣ ማር የሞላበት። አንገቴን ወደ ውስጥ አስገብቼ ሦስት ጊዜ 'የጠፋበት' አልኩ። 'አለሁ' ያለኝ የለም።"

ከርከሮ ዘሎ ተነሣ። "የኔ ቤት ነው እኮ! እኔ እዚህ ሆኜ በየት በኩል ልስማ?"

"ሕጉ 'ይሰማ' አይልም፣ አያ ከርከሮ።"

ጉማሬ ያን ጊዜ ሁለተኛውንም ዓይኑን ገለጠ። ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር እስኪናወጥ ሳቀና "ተፈርዷል! የተገኘው ላገኘችው!" አለ።

ኤሊም ጌጡን ሁሉ አወጣችና ተራራው እስኪመልስላት "የጠፋበት!" ብላ ጮኸች። ባለቤቶቹ ምልክት እየተናገሩ ወሰዱ፣ የመጀመሪያዋም እመት ሳቢሳ ነበረች። እሑድ ሽማግሌዎቹ የሙሽሪትን እግር አይተው እልል አስባሉ፤ ፊቷን ያዩት ከጠገቡ በኋላ ነው። ጉድጓዱም ለኤሊ ቀረ።

ከርከሮም ሌላ አውሬ ትቶት የሄደውን ጉድጓድ ፈልጎ ገባ። ዛሬም ድረስ ቤቱ ሲገባ ፊቱን ወደ ደጅ አድርጎ በቂጡ እያፈገፈገ ነው፤ ማን መጥቶ እንደሚጮኽበት አይታወቅማ!

የሰማችሁ ላልሰማው ንገሩ፣ ስትናገሩ ግን ጮክ በሉ፦ አሸዋ ውስጥ የጮኸ፣ ያለ ጉድጓድ ቀረ።