ጉልላት የደበቀው አንድ ሰዓት ተኩል

አንድ የኮምፒውተር መስመር ጠባቂ በአንዲት የወረዳ ከተማ ጤና ጣቢያ ይሠራ ነበር። ስሙ ጉልላት ነው። በጤና ጣቢያው አምስት ክፍሎች አምስት ኮምፒውተሮች አሉ፤ ሁሉም በኬብል ተያይዘው ጉልላት ከሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ካለው ዋና ማሽን ጋር ይገናኛሉ። የበሽተኛው ሁሉ ካርድ እዚያ ውስጥ ነው። ሕፃኑ ስንተኛ ክትባቱን ወሰደ፣ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚው መድኃኒቱን ስንት ወር ዋጠ፣ ለየትኛዋ እናት የትኛው መርፌ አይስማማም፣ ሁሉም እዚያ ነው።

ጉልላት ገና በሙከራ ላይ ነበር። አርብ ሙከራው ያልቃል፤ ወይ ይቀጠራል ወይ ይሰናበታል። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ፣ በአጭር ኮርስ ብቻ ሥራ የገባ ሰው ነው። ስለዚህ ወንበሩን እንደ ሰው ዕቃ ነው የሚጠብቀው፤ አሁን ይወስዱብኛል፣ አሁን ይወስዱብኛል እያለ። የኮርሱ መምህር «በአንድ ኬብል የተያያዙ ማሽኖች ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች ናቸው፤ የአንዱ እሳት የሁሉም ነው» ያሉትን ሌት ተቀን ያስባል። የማሽኖቹን በር ጠባቂ ፕሮግራም፣ ፋየርዎሉን፣ አጠበቀ፣ ፓስዎርዱን አስረዘመ፣ ከውጭ የሚያስገባውን መንገድ ሁሉ ዘጋ። ሌባ በሽቦ ብቻ የሚመጣ መስሎት ዓይኑን ከስክሪኑ አይነቅልም።

ሌባው በእግሩ መጣ።

ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ኮት የለበሰ፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰውዬ በሩ ላይ ቆመ። «ጉልላት፣ እንዴት ያለ ሰው ሆነሃል ባክህ። አባትህ ደህና ናቸው?»

ጉልላት ቀና ብሎ አየው። በሐሳቡ ሰፈር ውስጥ ፈለገው፣ ለቅሶ ቤት ፈለገው፣ ሠርግ ቤት ፈለገው። የለም። ስሙን ደረቱ ላይ ካንጠለጠለው ባጅ እንዳነበበው የገባው በኋላ ነው።

«ረሳኸኝ አይደል?» አለ ሰውዬው ቅር እንዳለው ሰው።

እዚህ ላይ «አዎ፣ አላወቅሁዎትም፤ ማን ልበል?» ማለት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ግን ሽበት ያለው ሰው ፊትህ ቆሞ የአባትህን ጤና እየጠየቀ፣ የትኛው አፍ ነው እሱን የሚያወጣው?

«ኧረ በምን አንጀቴ እረሳዎታለሁ» አለ ጉልላት፣ ተነስቶ ወንበሩን እየለቀቀ።

«እኔማ ትልቅ ቦታ ደርሷል ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። በል አንዲት ደብዳቤ አትምልኝ፤ ማዶ ያለው ጽሕፈት ቤት መብራት የለም አሉኝ።» ከኪሱ ፍላሽ አወጣ።

የማያውቁትን ፍላሽ ማስገባት ክልክል እንደሆነ ጉልላት ራሱ ጽፎ በየክፍሉ ለጥፏል። ግን አሁን አውቅሃለሁ ያለውን ሰው በየት በኩል ዞሮ አላምንህም ይበለው? አስገባው። ደብዳቤው ታተመ። ሰውዬው «እደግ፣ ተመንደግ» ብሎ መርቆት ሄደ።

ወዲያው የፋይሎቹ ስም አንድ በአንድ መለወጥ ጀመረ። የተለወጠው አይከፈትም። ከታች «መክፈቻውን ከፈለጋችሁ ክፈሉ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

ማድረግ ያለበትን አሳምሮ ያውቃል። ዋናውን ኬብል መንቀል፣ ክፍሎቹን መለያየት፣ ወጥቶ መናገር። ግን ኬብሉ ከተነቀለ አምስቱም ክፍል ይቆማል፤ ሁሉም ወጥቶ ምን ተፈጠረ ይላል፤ መልሱ ደግሞ «አውቅሃለሁ ብዬ የማላውቀውን ሰው ፍላሽ አስገባሁ» ነው። አርብ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል። «ማንም ሳያውቅ አስተካክለዋለሁ» አለ በልቡ፤ አጎንብሶ መታገል ጀመረ።

ስልኩ ጮኸ። ከካርድ ክፍል ሲስተር ዝናሽ ናት። «ጉሌ፣ ካርድ አልከፈት አለኝ።»

«ሲስተም ነው ሲስተር፤ አሁን ይመለሳል።»

«ይሄ ሲስተም የምትሉት ሰውዬ ግን ወረፋ ሲበዛ ብቻ ነው የሚያመው?»

ሳቀላት። ቀጥሎ ከሁለተኛው ክፍል ተደወለ፤ ሲስተም ነው አለ። ከሦስተኛው ተደወለ፤ ሲስተም ነው አለ። ውሸቱ ለምላሱ እየቀለለ ሄደ።

ከጉልላት መስኮት ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ለሳንባዋ መድኃኒት ነው የመጣችው። አጠገቧ ያለችው ስንት ወር እንደቀራት ጠየቀቻት። «እኔ ምኑን አውቄው» አለች ሴትዮዋ፤ «የወረቀት ካርዴም ጠፍቷል። ኮምፒውተሩ ያውቀዋል።»

ጉልላት በመስኮቱ ስሟን ጠይቆ የእሷን ፋይል ፈለገ። ተቆልፏል። ሳይቆለፉ የቀሩት የክትባቱና የእናቶች ክፍል ብቻ ናቸው። ያን ጊዜ ኬብሉን ነቀለና ወደ ኃላፊዋ ወደ ወይዘሮ አስካለ ቢሮ ሄደ።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ ቆሞ። «የአንድ ሽማግሌ ሰውዬ ፍላሽ አስገባሁ። አላውቀውም፤ እንደማውቀው ሆኜ ነው ያስገባሁት።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«አራት ሰዓት።»

ወይዘሮ አስካለ ሰዓታቸውን አዩ። «አምስት ተኩል ነው። ያኔውኑ ብትመጣ ስንቱ ይጠፋ ነበር?»

«የአንድ ክፍል። ምናልባት ግማሹ።»

«እኔም ብሆን ሽማግሌ አሳፍሬ አልመልስም ነበር፤ በፍላሹ አልፈርድብህም። አንድ ሰዓት ተኩሉን ግን ማን አስገባብህ?»

ጉልላት ለክፉ ቀን የተቀመጠውን የካርዶች ቅጂ ሊያወጣ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

የተቀመጠው ቅጂ የሦስት ወር አሮጌ ሆኖ ተገኘ። የሦስት ክፍል የሦስት ወር ሥራ ሄደ። አርብ ደረሰ፤ ወይዘሮ አስካለ አልቀጠሩትም፣ አላሰናበቱትምም፤ ሙከራውን አራዘሙበት። የሳንባ መድኃኒት ልትወስድ የመጣችው ሴትዮ ግን የጀመረችው ቅጂው ከተቀመጠ በኋላ ነበር፤ ስንት ወር እንደዋጠች የሚያውቅ ስላልተገኘ፣ እንደገና እንድትመረመር ሰኞ ወደ ዞኑ ሆስፒታል ተጻፈላት። መናኸሪያ ድረስ የሸኛት ጉልላት ነው። መንገድ ላይ ሁሉንም ነገራት።

«አፍረህ ነው የደበቅከው?» አለችው።

«አዎ።»

«እኔም ሳሉ ሲጀምረኝ ሰው ምን ይለኛል ብዬ አራት ወር ደበቅኩት» አለች። «ብቻዬን እድናለሁ ብዬ ነበር። አሁን ሁለቱ ልጆቼም ክኒን ላይ ናቸው።»

መኪናው ሞላና ሄደች።

ወዳጆቼ፣ ሌባውን ያስገባው ይሉኝታ ነው፤ ይሄ በማናችንም ላይ ይደርሳል። ገብቶ እንዲሰነብት ያደረገው ግን ስህተቱን መደበቅ ነው። በአንድ ገመድ ከሰው ጋር የተያያዘ ሰው የብቻው የሆነ ጥፋት የለውም፤ እሱ እያፈረ በዘገየ ቁጥር የሚከፍለው ከጎኑ ያለው ነው። አንተስ ወንድሜ፣ አንቺስ እህቴ፣ ማንም ሳያውቅ አስተካክለዋለሁ ብላችሁ የያዛችሁት ነገር አሁን ስንተኛው ክፍል ደርሷል?