ጨሌዋን ወንዝ የወሰደባት ልጅ

አንዲት ልጅ ነበረች፤ እናኑ እንበላት። ጥሩ ድምፅ ነበራት። ከእሷ የተሻለ ድምፅ ያላት ጓደኛም ነበረቻት፤ ስንዱ።

በጳጉሜ የመንደሩ ልጃገረዶች ለአዲስ ዓመት እንግጫ ሊነቅሉ መስክ ሲወርዱ፣ ዘፈኑን የምታወጣው ስንዱ ናት። እናኑ ከሌሎቹ ጋር ትቀበላለች። በስብከት መሃል ዘፈን ስላችሁ አትደንግጡ፤ ስሙኝማ፦

ጨሌዬን ወሰደው ወንዙ ከአንገቴ፣
ምን ብዬ ልመለስ ወደ እናት አባቴ?
ጨሌውስ ይገኛል አሸዋው ሲጠራ፣
ልጅነቴን ውሃው ጣለው በየት ስፍራ?

ልጆቹ እዚህ ሲደርሱ ይስቃሉ። ልጅነት እንዴት በውሃ ይወሰዳል? ለእነሱ የጨሌ ዘፈን ነው፤ በቃ።

እናኑ ግን መሳቅ ተወች። ለምን? እናቶች አጥር ተደግፈው “ኧረ የስንዱን ድምፅ ስሙልኝ!” ሲሉ ሰማች። የገዛ እናቷም አብረው ነበሩ። ያ ቃል ሆዷ ገባ። ስንዱ ስትስቅ ያማታል። ስንዱ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ያማታል። ቅናት እንዲህ ነው ወገኖቼ፤ የጓደኛችሁ ደስታ የእናንተ ሕመም ይሆናል።

አንድ ቀን የስንዱ አባት ጋሼ ቢተው ከእርሻ ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘቻቸው።

“ስንዱን አየሻት?” አሏት።

“ወንዝ ወርዳለች፣ ጋሼ።” ይሄ እውነት ነው። ከዚያ ጨመረችበት፦ “ከነጋዴው ልጅ ጋር ናት። ሁልጊዜም እዚያ ነው የሚገናኙት።”

ውሸት! ስንዱ ብቻዋን ልብስ እያጠበች ነበር።

አባት አልጠየቁም፤ አላጣሩም። ሳምንት ሳይሞላ ልጃቸውን ሩቅ አገር አክስቷ ዘንድ ሰደዷት። ስንዱ ስትሄድ እናኑን አቅፋ፣ “ማን እንደዋሸብኝ እንኳ አላውቅም፣ እናንዬ” ብላ አለቀሰች። እናኑም አብራት አለቀሰች። አያችሁ? እንባዋ ሳይቀር ዋሸ።

ጳጉሜ መጣ። ዘፈኑን ማን ያውጣ? እናኑ! የተመኘችው ደረሰላት። እናቶች ሰሟት፤ አመሰገኗት። “ልጅነቴን ውሃው…” ስትል ግን መስመሩን ሳትጨርስ አቆመች። ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው ሳቁ። እሷ ግን ያን ጊዜ ገባት። ለጋሼ ቢተው የጨመረችው ያ ቃል ልጅነቷን ይዞት ሄዷል። ስንዱን ስታባርር ያችን የዋህ እናኑንም አብራ አባራታለች።

የነቀለችውን እንግጫ ጥላ በቀጥታ ጋሼ ቢተው ቤት ገባች።

“ጋሼ፣ ዋሽቻለሁ። ስንዱ ምንም አላደረገችም። ቀንቼባት ነው።”

“እኔስ?” አሉ ጋሼ ቢተው። “ያሳደግኋትን ልጅ አንዲት ቃል ሳልጠይቅ የፈረድኩባት እኔስ?”

በማግስቱ እናኑን አስከትለው አክስትየዋ ቤት ሄዱ። ስንዱ ሁሉንም ሰማች። አለቀሰች፤ ይቅር አለች፤ ወደ ቤቷም ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ግን እናኑን ስታገኛት እንደ ድሮው ሮጣ አታቅፋትም። መጀመሪያ ትክ ብላ ታያታለች።

ይቅርታ ተገኘ። ያ ሮጦ ማቀፍ ግን ቀረ።

እናንተስ፣ የማን ምስጋና ነው ሆዳችሁን የሚያማችሁ? የእህታችሁ ትዳር? ከኋላችሁ መጥቶ የተሾመው ባልደረባችሁ? የዋህነታችንን የምናጣው ሰው ስንገድል ብቻ ይመስላችኋል? እናኑ ምን አደረገች? መንገድ ላይ ቆማ ለተጠየቀችው መለሰች፤ ትንሽ ጨመረችበት። እኛስ በስልክ፣ በቢሮ፣ በለቅሶ ቤት ስንት ጨምረናል?

ቃሉ ገና ምላሳችሁ ላይ ነው? ዋጡት። ወጥቷል? እንግዲያው ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በቀጥታ ወደ ቤታችሁ አትግቡ። በውሸት ያሳመናችሁት ሰው አለ፤ ቤቱን ታውቁታላችሁ። ሂዱና በሩን አንኳኩ።