መጨረሻ የሚጠጣው

ኑ፣ ኑ፣ ወደዚህ ቅረቡ! ኤርሚያስ፣ ስልክህን ገልብጠህ አስቀምጥ፤ አንተ ካላየኸው ዓለም አትቆምም። ትንግርት፣ ማስቲካሽን ትፊልኝ፤ የሚያመሰኳ በግ እያየሁ ወሬ መጀመር አልችልም። ስንዱ፣ እግርሽን ሰብሰብ! አሁን ዝም። የሚያስለው ሰው ካለ እኔ እስክጨርስ ይቻለው፤ ካልቻለ ግቢው ሰፊ ነው፣ እዚያ ሄዶ ይሳል። የጠራኋችሁ ለዳኝነት ነው። ስጨርስ እስኪበቃችሁ ትጯጯሁ ይሆናል፤ እስከዚያ ግን የዝንብ ድምፅ እንኳ አልፈልግም።

በአንድ ወቅት ጨለማ ዱር የሚባል አገር ነበር። ስሙ ከዱሩ የወጣ ነው። በቀትር ገብተህ የገዛ እጅህን አታይም ነበር ይላሉ፤ ጥዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛው ተቃቅፎ ቆሟል። ስሙ ዛሬም አለ። ዱሩን አትጠይቁኝ።

ዱሩ ካለበት ተራራ ስር አንድ ምንጭ ይወጣል። ሰዉ፣ ከብቱ፣ ማሳው የሚጠጣው ያንኑ ነው። ምንጩን የሚጠብቅና ተራ የሚያስይዝ አንድ ሽማግሌ አለ፤ «የውሃ አባት» ይሉታል። ዱላ የለው፣ ጠመንጃ የለው፤ ግን «ይህን ዛፍ አትንካ» ካለ አይነካም፣ «ይህን ቦይ ድፈን» ካለ ይደፈናል። ኤርሚያስ መቼም «ደሞዙስ?» ሳትል አታድርም። ደሞዙ ጥም ነው! የውሃ አባት መጨረሻ ነው የሚጠጣው። መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ከብት፣ ሁሉም ጠጥቶ ሲሄድ እሱ ቅሉን ያጠልቃል። የመጨረሻው ቅል ንጹህ ከሆነ አገር ደህና ነው። ከደፈረሰ ክፉ ቀን መምጣቱን ከሁሉ ቀድሞ ያወቀ እሱ ነው።

በጋው ሲጠና ደግሞ ሱሪውን ጠቅልሎ ምንጩ መሃል ይገባል። ውሃው ጭኑን ከነካው ማሳው ሁሉ ይጠጣል። ጉልበቱን ከነካው ጓሮ ብቻ። ቁርጭምጭሚቱን ከነካው ሰውና ከብት ብቻ። ከዚያ ሲወርድ ምን እንደሚደረግ ማንም አያውቅም፤ ወርዶ አያውቅማ።

የውሃ አባቱ አያ ስንሻው ይባላል። ሦስት ልጆች ወልዷል፤ ትልቁ ድንበሩ፣ መካከለኛዋ ይታይሽ፣ ትንሹ ባይነሳኝ።

ድንበሩ አንገቱ የኤርሚያስን ወገብ ያክላል። አትሳቁ! ኤርሚያስ ገና ያድጋል፤ ሠላሳ ዓመት ሆነው እንጂ። እና አንድ ዓመት ዝናብ ቀረ። እህሉ ሳያፈራ ቆሞ ደረቀ። ሕፃን ሆዱ ተነፍቶ፣ አዛውንት ግድግዳ ደግፎ መቀመጥ ጀመረ። ድንበሩ መጥረቢያውን አነሳና ወደ ዱሩ ወጣ። አባቱ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«የት ነው?»

«አባዬ፣ ዛፍ አይበላም። ሰው እየሞተ ነው።»

«ተወው ብልህስ?»

«ተወው በለኝ፤ እተወዋለሁ። ከዚያ ግን መቃብሩን አንተ ቆፍር።»

አያ ስንሻው መንገዱን ለቀቀለት። ድንበሩ ዛፉን ጣለ፣ ከመረ፣ አፈር አልብሶ አከሰለ። ጎረቤቱም ተከተለው። በማዳበሪያ እየሞሉ በአይሱዙ ጭነው ወደ ከተማ ሰደዱት። ከተማ ወደደው፤ ጭስ የለው፣ ቶሎ አያልቅ፣ «የጨለማ ዱር ከሰል አምጣልኝ» እስከማለት ተደረሰ። አይሱዙው ሲመለስ እህል ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ በዚያ ክፉ ዓመት ከጨለማ ዱር አንድም ሰው በረሃብ አልሞተም። ዝናቡ ተመለሰ፤ አይሱዙው ግን መምጣቱን አላቆመም፣ መጥረቢያውም ተራራውን ሳይጨርስ አላረፈም። በጋ ላይ አያ ስንሻው ምንጩ ውስጥ ሲገባ ውሃው ጭኑ ላይ አልደረሰም። ጉልበቱ ላይ ቀረ።

ይታይሽ ደግሞ ምላሷ እንደ ትንግርት ነው፤ ካልቆረጠ አይመለስም። ራቁቱን የቀረውን ተራራ አይታ አለቀሰች፤ እንባዋን ጠርጋ ወንድሟ ደጃፍ ሄደች።

«ወንድምዓለም፣ ያተረፍከው ዛፍ ካለ ንገረኝ፤ ዘበኛ ላቁምለት።»

«በልቼ ነው ያደርኩት፤ አንቺም በልተሻል» አላት።

እውነቱን ነው፣ በልታለች። በዚያው ሰሞን የልማት ሰዎች ነን ያሉ መጡና ሕዝቡን ሰብስበው «ዛፍ ውሃ ያመጣል» ብለው ሄዱ። የትኛው ዛፍ? የት ይተከል? አልተባለም፤ የጠየቀም የለም። ስብሰባ ላይ ጠያቂ ሰው ምሳ ያስረፍዳላ! ይታይሽ እንዲህ አሰበች፤ ዛፍ ውሃ የሚያመጣ ከሆነ ውሃው አጠገብ ይተከል። ቶሎ የሚደርስ ባሕር ዛፍ ነው። ሴቱን ሁሉ አስከትላ ችግኙን ምንጩ ዙሪያ ተከለች። እንደ ሙሽራ አጃቢ ከበቡት። ደግሞ እንዴት አደገ! እርጥብ መሬት አግኝቶ በየማለዳው ቁመት ይጨምራል። የሴቶቹ ማገዶ ደጃፋቸው ሆነ፤ ቀኑን ሙሉ ገደል ለገደል እንጨት ተሸክሞ መዞር ቀረ። በጓሮና በገደል የተረፈውን ጥቂት ወይራም ሊቆርጠው ማንም ዞር ብሎ አላየው። አገሩ አጨበጨበላት። ባሕር ዛፍ ሲጠጣ ግን ድምፅ የለውም። በጋ ሲመጣ አያ ስንሻው ገባ። ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነበር።

ባይነሳኝ ሌላ አገር ሠርቶ ተመለሰ፤ ይዞት የመጣው የእበት ሽታ ነው። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እነሱም ስቀውበታል። «ኩበቴ» ብለው ስም አወጡለት። ልጁ አልሰማቸውም፤ ጉድጓድ ቆፈረ፣ በሲሚንቶ ለሰነ፣ እበት ሞላበት፣ ከላይ ደፈነና ቱቦ ሳበ። ባዮጋዝ ነው። እኔ «ቦይ ጋዝ» ስል ትንግርት ታርመኛለች፤ ዛሬ አስተካክዬ ጠራሁት፣ ይመዝገብልኝ። ቱቦው ጫፍ ላይ ክብሪት ሲጭርበት ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለ። ጭስ የለም፣ እንጨት የለም። ሚስቶች ወጥ ሲሠሩ ዓይናቸው ማልቀሱን ተወ። ሳቂው ሁሉ «ለእኔም ቆፍርልኝ» ብሎ ደጅ ጠናው። መጥረቢያ ጥግ ላይ ቆሞ ዛገ።

ታዲያ እበት ብቻውን አይቦካም። አንድ ባልዲ እበት፣ አንድ ባልዲ ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ተራ አለው። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጉድጓዱ በየትኛው ተራ ይግባ? ሰው ነው? አይደለም። ማሳ ነው? ማሳ ከሆነ ቁርጭምጭሚት ላይ በቆመ ውሃ አይጠጣም። አንዱ አዋቂ ተነሳና፣ «እበቱ የከብት ነው፤ ጉድጓዱ የሚበላው የከብቱን ነው፤ ስለዚህ ጉድጓዱ ከብት ነው» አለ። ጸደቀ! ጉድጓድ ከብት ሆነ! በየቤቱ ቀንድ የሌለው፣ ጭራ የሌለው፣ ጠግቦ የማያውቅ አንድ ከብት ተጨመረ። እና ከብት ከውሃ አባት በፊት ነው የሚጠጣው።

ትስቃላችሁ። አያ ስንሻውም ያን ቀን ሳቀ አሉ። ከዚያ በኋላ ሲስቅ ያየው የለም።

ቀጣዩ በጋ መጣ። አያ ስንሻው ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ፤ መጠቅለሉም በከንቱ ነው። ውሃው ውስጥ እግሩን ብቻ አረጠበው። ሰዉ ተሰልፎ ጠጣ። ከብቱ ጠጣ። ጉድጓዱም ጠጣ። የሱ ተራ ሲደርስ ቅሉን ጭቃው ላይ አስደግፎ እስኪጠራቀም ጠበቀ። ከረፋድ ጀምሮ ተቀምጦ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ቅሉ ሞላ። ወደ አፉ አስጠግቶ አየው። ቡና የመሰለ ጭቃ ነው። አልጠጣውም። ልጆቹን አስጠራ።

«እኔ ደክሜያለሁ። ይህን ቅል የሚቀበለኝ ከነገ ጀምሮ መጨረሻ ይጠጣል፤ ቃሉም ይሰማል። ለማን ልስጥ?»

ድንበሩ ቀደመ። «አባዬ፣ ለእኔ ስጠኝ። ዱሩን የጨረስኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ግን እዚህ የቆመው ሰው የቆመው በእኔ ነው። ነገ ባሕር ዛፉን ከነሥሩ እነቅላለሁ፣ ምንጩ ይተነፍሳል።»

«ነቅለህ ምን ልታደርገው?» አለች ይታይሽ።

«ሰው ምን ይብላ? አከስለዋለሁ።»

«ይኸው! አባዬ፣ ለእኔ ስጠኝ። አገሩ ሲያጠፋ መትከል ያሰብኩ እኔ ብቻ ነኝ። ከሰል አስቀራለሁ፣ የባይነሳኝንም ጉድጓድ እደፍናለሁ።»

«ደፍነሽ በምን ይበስላል፣ እታለም?» አለ ባይነሳኝ።

«በተከልኩት።»

«የተከልሽው እኮ ነው ምንጩን የጠጣው! አባዬ፣ ለእኔ ስጠኝ። መጥረቢያ ያስጣለ እኔ ነኝ። ባሕር ዛፉን ቀስ እያልኩ አንስቼ በቦታው ወይራና ዋንዛ እተክላለሁ።»

«ወይራው እስኪደርስስ ጉድጓድህ ምን ይጠጣል?» አለው ድንበሩ።

እውነት ነው፣ ወይራ ለተከለው ሰው አይደርስም። ለልጅ ልጁ ቢደርስ ነው፤ እሱም አገሩ ላይ ልጅ ከቀረ።

አያ ስንሻው ሦስቱንም ተራ በተራ አያቸው። «ሦስታችሁም እውነት ተናገራችሁ» አለ። «የከፋውም እሱ ነው።»

ከዚያ ዝም አለ። ያስባል ብለው ጠበቁት። ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ ቃል የለም። ጠጋ ብለው ሲነኩት ሄዷል። ቅሉን እንደያዘ፣ ጠብታ ሳያፈስ ሞተ። ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

ምን ሆናችሁ? ለቅሶ አልጠራኋችሁም፤ ስንዱ፣ ራስሽን ቀና አድርጊ። ቀብረውት ሲመለሱ የአገሩ ሽማግሌዎች ለሸንጎ ተቀመጡ። ሌላ ጥላ የለምና ባሕር ዛፉ ስር ነው የተቀመጡት። ቅሉ መሃላቸው ድንጋይ ላይ አለ። አንዱን መምረጥ አለባቸው፤ የውሃ አባት ካልተሾመ ማንም ዛፍ አይነቅልም፣ ማንም ጉድጓድ አይደፍንም፣ ማንም ችግኝ አይተክልም። ለድንበሩ እንስጥ ሲሉ ያ ራቁት ተራራ ፊታቸው ቆሟል። ለይታይሽ እንስጥ ሲሉ የባሕር ዛፉ ቅጠል ራሳቸው ላይ ይረግፋል። ለባይነሳኝ እንስጥ ሲሉ ጉድጓዱ የነገውን ባልዲ ይጠብቃል። እነሱ ሲከራከሩ ከኋላቸው ሰው አህያውን እየጫነ፣ በሩን በእሾህ እየዘጋ ይወጣል። አንድ ቤት፣ ሌላ ቤት። ቅሉ ውስጥ ያለው ውሃ በፀሐይ ተነነና ከስሩ ጭቃው ብቻ ተሰነጣጥቆ ቀረ። እስካሁን አልወሰኑም።

እንግዲህ ተናገሩ። ሰው ሳያልቅ አንዱ መመረጥ አለበት። ቅሉ ለማን ይገባል? ረሃብን ላስቆመው? ለተከለችው? ወይስ እሳቱን ከዛፍ ላላቀቀው?

«ለባይነሳኝ ነዋ፣ ጋሼ! ዛፍ ያልነካ እሱ ብቻ ነው።»

በል ኤርሚያስ፣ አፍህም ይሠራል ለካ!

«ዛፍ ባይነካ ምን ዋጋ አለው? የመጨረሻዋን ውሃ ለእበት ያጠጣ እሱ አይደለም እንዴ? ለይታይሽ ነው የሚገባው። ያልተነገራትን ከየት አምጥታ ትወቅ?»

ትንግርት፣ ቀስ! ወንድምሽን ልትነክሺው ነው እንዴ?

«እኔ ለድንበሩ ነው የምለው። እሱ ባይኖር የሚከራከር ሰውም አይኖርም ነበር።»

«አንቺ ደግሞ ስንዱ! ከረሃቡ በኋላስ? ዝናብ ከተመለሰ በኋላ ለምን አላቆመም?»

«ማን ነው ዳቦ እያገኘ የሚያቆም?»

«ባይነሳኝ ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ እኮ...»

«አልመጣማ! ቢመጣ ኖሮ እያልን ነው እንዴ የምንፈርደው?»

አንድ በአንድ! አንድ በአንድ! ይህ ሸንጎ ነው ወይስ የሚኒባስ ተራ? እንዴ፣ እትዬ አልጋነሽ፣ ከጓዳ ወጣሽ? እጅሽን ምን አጠቆረው? ነይ እስቲ፣ ታላቄ ነሽ፣ አንቺ ፍረጂ፤ እነዚህ እስከ ነገም አይስማሙም። ለማን ይሁን ትያለሽ?

«ለማንም አይሁን! ያን ሁሉ ከሰል ድንበሩ ብቻውን አነደደው እንዴ? አይሱዙው ጭኖ ወደዚህ ከተማ ያመጣው ለማን ነው? ቅሉን ለፈለጉት ይስጡት፤ የዚያን አገር ውሃ ያነደድነው እኛ ነን።»