የፈረንጅ ገመድ አይበጠስም

ተረት ተረት ስል «የመሠረት» ልትሉ አፋችሁን የከፈታችሁ፣ ዝጉት። ዛሬ ንዴት ይዞኛል። አጨብጭቡልኝም አላልኩ፤ ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

የሻረግ የምትባል ሴት ነበረች። አንዲት ፍየል ነበረቻት፤ አንዲት ብቻ። ፍየሊቱ ቅጠል አየሁ ብላ ከገደሉ አፋፍ ወርዳ ወርዳ፣ ከሰፌድ የማይሰፋ ድንጋይ ላይ ቆመች። ወደ ላይ አትወጣ፣ ወደ ታች አትወርድ። «ምኤኤ!» አለች። ሁለት ቀን ሙሉ «ምኤኤ!» አለች። የሻረግ የፈለገችው ፍየሏ ሳትወድቅ እንድትወጣላት ነው። መሬት ጨምሩልኝ አላለች! ቤት ሥሩልኝ አላለች! ፍየሌን፣ በቃ!

ሄደች፣ ማር ቆራጩ ይመር ዘንድ። በአገሩ ገደል መውረድ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

«አያ ይመር፣ ፍየሌን አውጣልኝ።»

«በምን ልውረድ እታለም? መጫኛዬን ጅብ በልቶታል። ገደል ሊወጡ የመጡት ፈረንጆች ጥለውት የሄዱት ገመድ አለ፤ እሱም አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሜዳ ላይ ተጥሎ ከርሟል። ገመዱ እሸከምሃለሁ ካላለኝ አልወርድም።»

መንደርተኛው ሳቀበት። «የፈረንጅ ገመድ እኮ አይበጠስም! ቀለሙን አታየውም? ፈሪ!» አለው። መቼም ገደል የማይወርድ ሁሉ ደፋር ነው።

ሄደች፣ ገመዱ ዘንድ። «ገመድ ሆይ፣ ይመርን ተሸከምልኝ።»

«አልሸከምም» አለ ገመዱ። «አሸዋ አንጀቴ ገብቶ እንደ መጋዝ ይገዘግዘኛል። ውሃ ሳያጥበኝ፣ እጅ ሳይዳስሰኝ አልሸከምም።»

ገመዱ ይመርን አይሸከም፣ ይመር ገደል አይወርድ፣ ፍየሊቱ «ምኤኤ!»

ሄደች፣ ምንጩ ዘንድ። «ውሃ ሆይ፣ ገመዱን እጠብልኝ።»

«በምን ተቀድቼ?» አለ ውሃው። «ያለው ባልዲ የጎረቤትሽ የዘነቡ ነው፤ እሱም ውስጥ ነጠላ በበረኪና ተዘፍዝፏል። ከበረኪና ጋር ከተደባለቅሁ ገመድ አጥባለሁ ብዬ ገመድ እበላለሁ። ባልዲው ተለቅልቆ ካልመጣ አላጥብም።»

ውሃ እንኳ ይህን ያውቃል! ሰው ግን ነጭ ሁሉ ንጹሕ ይመስለዋል።

ባልዲው ውሃ አይቀዳ፣ ውሃው ገመድ አያጥብ፣ ገመዱ ይመርን አይሸከም፣ ይመር ገደል አይወርድ፣ ፍየሊቱ «ምኤኤ!»

ሄደች፣ ዘነቡ ዘንድ። «እትዬ ዘነቡ፣ ነጠላዎን ከባልዲው ያውጡልኝ።»

«አውጥቼስ የት ላስጣው፣ አናቴ ላይ? ማስጫ ሲባጎዬን ያ ጎረቤቴ ደርበው ወስዶ አህያውን አስሮበታል። ደግሞስ የፈረንጅ ገመድ መታጠብ ምን ያደርግለታል? አይበጠስ ነገር!»

ሲባጎው ነጠላ አይሸከም፣ ነጠላው ባልዲ አይለቅ፣ ባልዲው ውሃ አይቀዳ፣ ውሃው ገመድ አያጥብ፣ ገመዱ ይመርን አይሸከም፣ ይመር ገደል አይወርድ፣ ፍየሊቱ «ምኤኤ!»

ሄደች፣ ደርበው ዘንድ። «አንተ ደርበው፣ አህያህን ፍታና የሰው ሲባጎ መልስ!»

«ፈትቼው የሰው ማሳ ሲገባ አንቺ ልትከሰሺልኝ ነው? የግቢዬ በር እንደሆነ አይዘጋም። ያንን ፈረንጆቹ የጣሉትን፣ አፉ የሚከፈትና የሚገጥም የብረት ቀለበት መቀርቀሪያ አድርጌው ነበር፤ አፉን ከፍቶ ቀረ። ቀለበቱን ለምኚው፣ እኔን አትጨቅጭቂኝ።»

ለመነችው። ምን ታድርግ! «ቀለበት ሆይ፣ አፍህን ግጠምልኝ።»

«እንዴት ልግጠም?» አለ ቀለበቱ። «ገደል ላይ ዝናብ ሲመታኝ ከርሜ፣ መንጋጋዬ ዝገትና አሸዋ ሞልቶ! መፋቂያ ካልፋቀኝ አልገጥምም።»

እሺ፣ መፋቂያ! ዛፉ ሁሉ ተመንጥሮ ባለቀበት አገር የቀረው መፋቂያ አንድ ነው፤ እሱም በሊቀመንበሩ በአቶ መኳንንት አፍ ውስጥ።

ሄደች። አቶ መኳንንት ከጥላ ሥር ተቀምጠዋል። መፋቂያውን ከግራ ጉንጭ ወደ ቀኝ ጉንጭ አዛወሩት።

«የኔ እመቤት፣ መፋቂያ ያለ ማመልከቻ አይሰጥም። ለመሆኑ ምን አስጨነቀሽ? ገመዱን እኔ ራሴ ከዚሁ ከተቀመጥኩበት አይቼዋለሁ፤ ጤነኛ ነው። የፈረንጅ ገመድ አይበጠስም። ይመርን ውረድ በዪው፤ እምቢ ካለ አስወርደዋለሁ።»

ከተቀመጡበት! ገመዱ ያለው ከጉብታው ማዶ ነው! የሰው ነፍስ የሚንጠለጠልበትን ገመድ፣ ጉብታ አሻግረው፣ መፋቂያ እያኘኩ መረመሩት!

ሊቀመንበሩ መፋቂያ አይሰጡ፣ መፋቂያው ቀለበት አይፍቅ፣ ቀለበቱ በር አይዘጋ፣ በሩ አህያ አያግድ፣ አህያው ሲባጎ አይለቅ፣ ሲባጎው ነጠላ አይሸከም፣ ነጠላው ባልዲ አይለቅ፣ ባልዲው ውሃ አይቀዳ፣ ውሃው ገመድ አያጥብ፣ ገመዱ ይመርን አይሸከም፣ ይመር ገደል አይወርድ፣ ፍየሊቱ «ምእ…»

የሻረግ ድምፁ መድከሙን ሰማች። ደሟ ፈላ።

«አቶ መኳንንት፣ እስቲ አፍዎን ከፍተው ‹ኣ› ይበሉ።»

«ለምኑ?»

«ይበሉማ!»

«ኣ—»

መንጭቃ አወጣችው! «ማመልከቻውን ነገ አመጣለሁ!» ብላ ሮጠች።

መፋቂያው ቀለበቱን ፋቀ፣ ቀለበቱ «ቀጭ!» ብሎ ገጠመ፣ በሩ ተዘጋ፣ አህያው ተፈታ፣ ሲባጎው ለዘነቡ ተመለሰ፣ ነጠላው ተሰጣ፣ ባልዲው ሦስቴ ተለቀለቀ፣ ውሃው ገመዱን አጥቦ አጥቦ አሸዋውን አስተፋው። ገመዱ ከጥላ ሥር ተንጠፈጠፈ።

ይመር መጣና መሬት ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነ። ገመዱን ከጫፉ ጀምሮ፣ ክንድ በክንድ፣ በመዳፉ መሃል ያሳልፈው ጀመር።

«ምነው ጨፈንክ፣ እየጸለይክ ነው?» አለ ደርበው።

«ዓይን በቀለም ይታለላል፤ መዳፍ አይታለልም። ዝም በል።»

መሃል ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ደግሞ ቆመ። «እዚህ ጋ ላዩ ሰላም ነው፤ ውስጡ ግን ሟሽሿል።»

አቶ መኳንንት መፋቂያቸውን ፍለጋ ደርሰው ነበር። «አይበጠስም አልኩ እኮ!»

«እንግዲያው ጌታዬ፣ እርስዎ በዚህ ይያዙ፤ ደርበውና ሁለት ጎረምሶች በዚያ ይሳቡ» አላቸው ይመር።

ሳቡ። ጧ! አቶ መኳንንት በመቀመጫቸው ዘጭ አሉ።

የሚያስቅ ነበር፤ ማንም ግን አልሳቀም። ያ «ፈሪ!» ያለው ሁሉ ወደ ገደሉ አየ። የሻረግም አየች፤ «ፍየሌን አውጣልኝ» ያለችው እሷ ናት።

ይመር የሟሸሸውን ክንድ ከወዲህም ከወዲያም ቆርጦ አወጣው፤ ማንም እንዳይሞኝበት ስንዝር ስንዝር አድርጎ ከተፈው። የደርበውን ቀለበትም አስመጥቶ አገላብጦ አየው። «ስንጥቅ አለበት። ለአህያ በር ይበቃል፤ ለነፍስ አይበቃም» ብሎ ለደርበው ወረወረለት። የተረፈውን ረጅሙን ገመድ እንደገና ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው።

«አጠረብህ እኮ፣ አያ ይመር። ይደርሳል?» አለች የሻረግ በቀጭን ድምፅ።

«እስከ ፍየሏ ይደርሳል። ከዚያ በታች እኔም ጉዳይ የለኝ።»

ገመዱን ከተመነጠረው ወይራ ጉቶ አሰረ፣ ድንጋዩ እንዳይቆርጠው አፋፉ ላይ ጆንያ አነጠፈ፣ ወገቡንና ጭኑን ጠፍሮ ወረደ። ቆይቶ ቆይቶ ከሥር «ሳቡ!» የሚል ድምፅ መጣ። ሳቡ። መጀመሪያ ሁለት ቀንድ፣ ቀጥሎ ፍየል፣ ቀጥሎ ፍየል ያዘለ ይመር ወጣ።

የሻረግ ወደ ፍየሏ አልሄደችም። የይመርን ሁለት እጆች ይዛ ገለበጠቻቸው፤ መዳፎቹ ተልጠዋል። ሳመቻቸው። ከዚያ ዞራ የፍየሏን ጆሮ ቆነጠጠች።

«አንቺን ደግሞ! ቅጠል አማረሽ? ነይ ወደ ቤት!»

እኔም ጨረስኩ። አፌን በዳቦ የሚያብስልኝ ካለ ይምጣ፤ ማመልከቻ ጻፊ የሚለኝ ከሆነ ግን ይቅርብኝ፣ ራሴ ጋግሬ እበላለሁ።