ወይኖ፣ ወይኖ፣ ደግሞ ወይኖ

ልጆች፣ ቀረብ በሉ። ትልልቆቹም አትሳቁ፤ ይቺ ይልቅ ለእናንተ ናት።

ድሮ ድሮ፣ ከብት አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ አገር ላሞች የሚኖሩበት ሰፊ መስክ ነበረ። ሕግ ነበራቸው። ሰው ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደሚቆጥር፣ እነሱም ጊደር ኮርማ ጋ ከመሄዷ በፊት «አባትሽ ማን ነው? የእናትሽስ አባት?» ብለው ይቆጥሩ ነበር። ኮርማውም የአገር ነው፤ ሦስት ዓመት ይቆይና ሴት ልጆቹ ሳይደርሱ ወንዝ ተሻግሮ ማዶ መንደር ይሄዳል። የማዶው በፋንታው ወዲህ ይመጣል።

አንድ ቀን፣ ወይኖ የሚባል ኮርማ ተራው በነበረበት ጊዜ፣ ቀበሮ መጣ።

«ምነው ትደክማላችሁ? ዘመኑ ተለውጧል! ቆጠራ ያረጀ ወግ ነው። እንዲህ ወይኖን የመሰለ ኮርማ ይዛችሁ ለባዕድ ትሰጣላችሁ? እኔ አጥሬ እጠብቅላችኋለሁ። ሌላውን ወይፈን ሁሉ አኮላሹት። የምትመጣ ላም በሩ ላይ አንድ ቅል ወተት ትስጠኝ፤ በቃ።»

እነዚያ ጅሎች እሺ አሉት። እሺ! ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ቀበሮ በሩ ላይ ተጎልቶ ወተቱን ይልፍ ጀመር። ላም ልጇን ይዛ ስትመጣ «የማን ልጅ ናት?» አይልም፤ «ቅልሽን አምጪ!» ነው። የልጅ ልጇን ይዛ ስትመጣም «ቅልሽን አምጪ!»

ዓመት ዓመትን ሲተካ፣ የሚወለደው ጥጃ አንዱ ዕውር፣ አንዱ ሽባ ሆነ። ዳለቻ የምትባል አሮጊት ላም ነበረች፤ የልጅ ልጇ የወለደችው ጥጃ ጡት ሳይዝ ሞተባት። የመጨረሻ ልጇ ሻሾ ደግሞ ለኮርማ ደርሳለች።

«ሞቼ ነው ቆሜ ወይኖ ጋ የምልካት? ማዶ እወስዳታለሁ!» አለች።

ቀበሮ ይህን ሰማና ሸንጎ አስጠራ። ሽማግሌው በሬ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ።

«ሕግ አፈረሰች! ትቀጣ!» አለ ቀበሮ።

ዳለቻ ተነሣች። «ልቀጣ። ግን ጌታው፣ የኮርማ አለቃ አንተ አይደለህ? የሞተውን ጥጃ ዘር ቁጠርልኝ።»

«ይቺማ ቀላል ናት! አባቱ ወይኖ።»

«የእናቱ አባት?»

«ወይኖ።»

«የአያቱስ አባት?»

«ወይ...» አለና ዋጠው።



«አንተ፣ አታፍርም?» አለች ዳለቻ። «ልጅን ለአባቷ፣ የልጅ ልጅን ለአያቷ እየሰጠህ ወተት ትልፋለህ? ወተታችንን መሰለህ የጠጣኸው? ዘራችንን ነው!»

«እኛም አለንበት» አለ ሽማግሌው በሬ አንገቱን ደፍቶ። «ቁጠሩ ያሉንን አባቶቻችንን ንቀን ነው።»

ላሞቹ ግር ብለው ተነሡ። አጥሩን በቀንዳቸው ገነጣጠሉት፣ ቅሉን ሁሉ ረግጠው ሰባበሩት፤ ቀበሮንም እስከ ገደሉ አፋፍ አባረሩት። ዛሬም ወተት አጥቶ በየመስኩ የአይጥ ጉድጓድ ሲቆፍር የሚውለው ለዚህ ነው።

ሻሾ ማዶ ሄዳ ወለደች። ጥጃዋ ወዲያው ቆሞ ጡት ፈለገ። ዳለቻ በጆሮው የአባቶቹን ስም አንድ በአንድ ቆጠረችለት፤ አንዱም አልተደገመም።

ለዚህ ነው አባቶች እንዲህ የሚሉት፦ ለወተት ብሎ ኮርማ ያጠረ፣ ጥጃም ወተትም አጥቶ ቀረ።